እሬት የነካው ጡት

የልጅ ልጄ እዚሁ ፍኖተ ሰላም አራስ ናት። ሰሞኑን እግሬ ከቤቷ አልጠፋም፤ እሷም አንዳንዴ «እምዬ፣ ደግሞ መጣሽ?» በሚል ዓይን ታየኛለች፣ እኔ ግን እንዳላየ ሆኜ እገባለሁ። ባለፈው ታዲያ ገና ደጃፉን ስረግጥ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታው። መራራ ነው፣ እርጥብ ቅጠል ቅጠል ይላል። «ምንድን ነው ይሄ የሚሸተኝ?» ብላት ከትራሷ ሥር የቅባት ቱቦ አውጥታ አሳየችኝ። ከእሬት የተሠራ ነው አለችኝ። «ከልጅቷ አፍ አርቂው!» ብዬ ጮኽኩባት። «ኧረ እምዬ፣ ለፊቴ እኮ ነው የምቀባው» አለች እየሳቀች። ለፊቷ ይሁን ለእግሯ እኔ ምን ቸገረኝ፤ ሽታው አንዴ ገብቶብኛል። ሻይ አቀረበችልኝ፣ ቀዘቀዘ። የምታወራውን «እህ» እያልኩ እሰማታለሁ፣ ልቤ ግን ቡሬ ነበር፣ በደርግ ጊዜ፣ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ፣ ጡቴን በሁለት እጄ ይዤ።

ያን ጊዜ ቡሬ ዛሬ የምታዩት ቡሬ አይደለም። ከመናኸሪያው ወደ ታች ስትወርዱ በሁለቱም ወገን ባሕር ዛፍ ነው፤ ዝናብ ሲመታው መንገዱ ሁሉ ይሸታል። ወደ ወለጋ የሚያልፉ የጭነት መኪኖች ጥግ ይዘው ያድራሉ፤ ሾፌሮቹ ጠዋት ፊታቸውን የሚታጠቡት ከኛ በር ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ነው። እንቁላል በአስር ሳንቲም እንገዛ ነበር ስል ልጆቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ስኳርና ሳሙና ግን ገንዘብ ስላለሽ አታገኚም፤ የቀበሌ ሱቅ ተሰልፈሽ ነው፣ ያውም ከደረሰሽ። ሴቱ ሁሉ ቴትረን ጉርድ አሰፍቶ፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምቶ፣ ነጠላውን ጣል አድርጎ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እንዴት ያምር እንደነበር! ኮንጎ ጫማ ፀሐይ ሲያገኘው እግር ይቀቅላል፤ ቢሆንም እናጌጥበት ነበር። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጠዋት ማርሽ ነው፣ ቀን የስብሰባ ጥሪ ነው፣ ወደ አመሻሽ ግን የሚያጫውተው ሰውዬ ደስ ካለው አንድ የክራር ዘፈን ጣል ያደርጋል። ያኔ መንገደኛው ቀጥ ይላል። ባልቴቷ ሳትቀር የተሸከመችውን እንጨት አውርዳ ትሰማለች። ዛሬ እያንዳንዱ ሰው ዘፈኑን ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል፤ አብሮ ቆሞ የሚሰማ ግን አላይም።

ባሌ ስመኘው አናጢ ነበር። ወላጆቹ ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው፤ ዘራቸው ከአገው ነው፣ አገውኛውንም አማርኛውንም እኩል ይናገራሉ። እኔ የደምበጫ ልጅ ነኝ፣ ከአማርኛ ሌላ አላውቅም። ስመኘው ሲናደድብኝ በአገውኛ አንድ ነገር ይለኛል፤ «ምን አልክ?» ስለው «ቆንጆ ነሽ ነው ያልኩሽ» ይላል። ውሸቱን ነው። አልጋችንንም፣ ጠረጴዛችንንም፣ የልብስ ሳጥኑንም የሠራው እሱ ነው፤ ዋንዛ ሲልግ የሚወጣው ሽታ ከሸሚዙ አይለቅም ነበር። ሆዴ ገፍቶ ሳለ ዘመቻ ተባለ። የትኛው ዘመቻ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ያን ጊዜ ዘመቻ መች ጠፍቶ። ቀበሌው መረጠው፣ ከበሮ ተመታ፣ ሴቱ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በየከረጢቱ አሳቀፈ፣ መኪናው ተነሣ። እሱ ከላይ ሆኖ በጣቱ ሆዴን አሳየኝ፤ «ጠብቂልኝ» ማለቱ ነው። አቧራው እስኪበርድ ቆምኩና ወደ ቤቴ ገባሁ።

የወለድኩት በቆሎው እሸት ሲሆን ነው። ሴት ልጅ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ አማቴ እማማ አንጓች መጥተው ገንፎውን አብልተውኝ፣ ልጅቷን ስመው ስመው፣ እርሻው አላስቀምጥ ስላላቸው ተመለሱ። አጠገቤ የቀረችው ጎረቤቴ ደብሬ ናት። ደብሬ አረቄ አውጥታ የምትሸጥ፣ ገና ያልወለደች፣ ምላሷ ስለት፣ ልቧ ግን ቅቤ የሆነች ሴት ነበረች። «ባልሽ እስኪመጣ እኔ ባልሽ ነኝ» ትለኝ ነበር፣ እንጨቴን እየፈለጠች።

ከዚያ ጡቴ ቆሰለ። ስለዚህ ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ስለ ምጥ ሁሉም ያወራል፤ ስለ ጡት ጫፍ ማን ያወራል? ልጅቷ አፏን ከፍታ ስትመጣ እኔ ነጠላዬን እነክሳለሁ። ስትስበው የእግሬ ጣት ይኮማተራል፣ እንባዬ ግንባሯ ላይ ይንጠባጠባል። ጫፉ እንደ በጋ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ። አንድ ቀን ያስመለሰችው ወተት ቀላ ብሎ ሳየው የሷ ደም መስሎኝ ጩኸቴን አቀለጥኩት፤ ደብሬ ድፍድፍ በነካው እጇ ሮጣ መጣች። የኔው ደም ነበር። እንዲህም ሆኖ ልጄን እወዳት ነበር፣ ሞት ይርሳኝ ስወዳት። ግን እፈራት ጀመር። ከእንቅልፏ ስትንቀሳቀስ ትንሽ ትቆይ፣ ትንሽ ትተኛ እያልኩ እለምናለሁ። የገዛ ልጇ መራብ የሚያስፈራት ሴት ሆንኩ።

ደብሬ ደግሞ ዝም ብላ የምታይ ሰው አይደለችም። አረቄ ስታወጣ እንፋሎት እጇን የማይልሳት ቀን የለም፤ መድኃኒቷም አንድ ነው፣ ከአጥሯ ሥር የበቀለው እሬት። ቆርጣ፣ ልጣጩን ገፍፋ፣ ዝልግልጉን ትቀባዋለች፣ በነጋታው ቆዳዋ የሕፃን ቆዳ ይመስላል። «ጡትም ቆዳ ነው» አለችኝ። እኔም ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ እሬት ጡት ማስጣያ መሆኑን ጎጃም ውስጥ የማያውቅ ማን አለ? ልጅ አድጎ አልላቀቅ ሲል እናቱ ጡቷን እሬት ትቀባለች፣ ልጁ ይቀምስና ይኮሳተራል፣ በቃ፣ አለቀ። «አንቺ፣ መራራ እኮ ነው» ብላት «ሲደርቅ ታጥቢዋለሽ፤ ደግሞ ውሃ የማያስለቅቀው ነገር አለ?» አለችኝ። ያመመው ሰው መቼ ይከራከራል። ቀባችኝ። ውይ ቅዝቃዜው! ከወለድኩ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ዕረፍት አግኝቼ አላውቅም ነበር። እዚያው በተቀመጥኩበት እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

ስነቃ በሞቀ ውሃና በሳሙና አጠብኩት፣ ፈተግሁት፣ ልጅቷን አስጠጋኋት። አፏን ከፍታ መጣች፣ ያዘች፣ አንድ ጊዜ ሳበች፤ ከዚያ ፊቷ ሁሉ ተጨማደደ። ምላሷን አውጥታ የጮኸችው ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ምሬቱ ለካ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። እንደገና ባጥብ እንደገና እምቢ። ሌላኛውን ብሰጣት እሱም ተቀብቷል። ኋላማ ምሬቱ ለቆ፣ እኔ ራሴ በጣቴ ነክቼ ቀምሼው ምንም ሳጣበት እንኳ፣ እሷ ገና ሳስጠጋት ፊቷን ታዞራለች። ተቀይማኛለች። ወተቴን ሲኒ ላይ እያለብኩ በማንኪያ ጠብ ጠብ አደርግላታለሁ፤ ግማሹ በጉንጯ ይወርዳል። ጡቴ አጋተ፣ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፣ ትኩሳት ያዘኝ። የልጄ ጉንጭ እየጎደለ ሄደ። የቆርቆሮ ወተት የሚባለውን ደግሞ እኛ ስሙን ነው የምንሰማው። «አፈር ልብላ፣ አፈር ልብላ» ትላለች ደብሬ ደረቷን እየደቃች፤ ልሰድባት እንኳ አቅም አልነበረኝም።

ይኼ ሳያንስ ወሬ ወጣ። ደብሬ የቀሚሴን ደረት አጥባ አጥር ላይ ታሰጣዋለች፣ የእሬት እድፍ ደግሞ አይለቅም። መንገድ የምታልፍ ሴት ሁሉ ቢጫውን አየች፣ የልጅቷን ለቅሶ ሰማች፣ ቀሪውን ራሷ ጨመረችበት። ትርንጎ አራስ ልጇን ጡት አስጣለች። ትርንጎ ማለት እኔ ነኝ። ለምን አስጣለች? ባሏ ዘማች ነው፣ ሌላ ልታገባ ነዋ! ለማን እንደምዳር ሳይቀር ቆርጠውልኝ ነበር፤ ለሻይ ቤቱ ባለቤት። እዩልኝ እስቲ፣ ሰውዬው የፊት ጥርስ እንኳ የለውም እኮ! እኔ ይኼን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። የገበያ ዕለት ወሬው ከጨው ጋር ተጭኖ በሽንዲ መንገድ ወረደና አማቴ ቤት ደረሰ።

እማማ አንጓች ረፋዱ ላይ መጡ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ ጀርባቸው ላይ ባዶ አንቀልባ ታዝሏል። ያንን የልጅ ማዘያ ቆዳ ሳየው ሁሉም ነገር ገባኝ። አልሳሙኝም። ሳይስሙኝ ቀርተው አያውቁም።

«የስመኘውን ልጅ ስጪኝ» አሉ በሩ ላይ ቆመው። «ልወስዳት ነው የመጣሁ።»

«እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ…»

«አልቀመጥም! እሱ ጥይት መካከል ነው። አንቺ እዚህ የሱን ልጅ እሬት ታስልሻለሽ።»

«ማርያምን እማማ፣ ጡት ላስጥል ብዬ አይደለም!»

«እና እሬት ጡት ላይ ምን ይሠራል? ሽንዲ ድረስ ሸቶኛል!»

ደብሬ ከኋላቸው መጥታ «እኔ ነኝ የቀባኋት፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብትል ዞረውም አላዩዋት። እኔ አለቀስኩ። የማደርገው ባጣ ነጠላዬን ገልጬ ደረቴን አሳየኋቸው።

ጎንበስ ብለው ሳይነኩኝ አዩት፤ ስንጥቁን፣ እከኩን፣ የጠጠረውን። «ኧረ የኔ ልጅ» አሉ፣ ድምፃቸው ተለወጠ። «ኧረ ትርንጎዬ። ይኼን ቁስል ይዘሽ ነው? ምነው ሰው አትልኪብኝም?»

«ምን ብዬ ልላክ እማማ? ያሳፍራል።»

«ምኑ ነው የሚያሳፍረው! እኔ ያንን ስመኘውን ምሰሶ ነክሼ ነው ያጠባሁት።»

ደብሬ ሳቋ አመለጣት። እማማ አንጓች ገና አሁን ዞረው አዩዋትና «አንቺ ደግሞ ያንን አጥርሽን ባቃጥልልሽ!» አሏት። እኔም በለቅሶዬ መካከል ሳቅሁ። አንቀልባውን አውርደው ጥግ ላይ አኖሩት፣ ግን ሩቅ አላደረጉትም።

ሁሉን ያውቁ ነበር ብዬ አላወራም፣ አያውቁም ነበር። መጀመሪያ በቅጠል ጠቅልለው ያመጡትን ለጋ ቅቤ ቀቡኝ፤ ቁስሉን አለዘበልኝ፣ ልጅቷን ስናስጠጋት ግን አፏ ሙልጭ እያለ ተንሸራተተና እንደገና ጮኸች። ቅቤውን ጠረግን። ቁጭ ብዬ ባጠባ፣ ጋደም ብዬ ባጠባ፣ እምቢ። የልጅቷ ድምፅ ደክሞ የድመት ግልገል ድምፅ መሰለ። ደብሬ በሩን ይዛ ትጸልያለች። እማማ አንጓች አንዴ አንቀልባውን፣ አንዴ እኔን ያያሉ፤ ወስደው የላም ወተት ቢሞክሩላት ይሻል እንደሆን እያሰቡ መሆኑ ገባኝ። በልቤ «ወስደዋት ትዳንልኝ» አልኩ። ይህንን ማሰብ ከቁስሉ በላይ አመመኝ።

ከዚያ ያደረጉትን ስሞት ነው የምረሳው። መደቡ ላይ ተቀመጡ፣ የቀሚሳቸውን ደረት ፈቱና ያረጀ፣ የደረቀ ጡታቸውን አወጡ። «እለቢልኝ» አሉኝ። እያመመኝ ወተቴን በሲኒ አለብኩላቸው። በጣታቸው እየነከሩ የራሳቸውን ጡት ጫፍ አረጠቡና ልጅቷን አቀፏት። እሬት ያልነካው ጡት ነው፣ ጠረኑም የኔ አይደለም። ልጅቷ አሸተተች። ለቅሶዋን አቆመች። ያዘች። ደብሬ የራሷን አፍ በእጇ ያዘች። እማማ አንጓች ጎንበስ ብለው በአገውኛ ቀስ እያሉ ያወሯታል፤ እኔ የለየሁት የባሌን ስም ብቻ ነው። ከሲኒው ይነክራሉ፣ ያረጥባሉ፣ እሷ ትስባለች። ዓይኗን ጨፍና መሳቡን እንደለመደች «ጠጋ በይ» አሉኝ። ጉልበቴ ከጉልበታቸው እስኪነካ ተጠጋሁ። አፏን ቀስ ብለው ከራሳቸው አላቀቁና ሳታውቀው ወደኔ አሻገሯት።

«ጫፉን ብቻ አታጉርሻት፣ ጥቁሩን ሁሉ አጉርሻት። እስካሁን እያኘከችሽ ነው እንጂ እየጠባችሽ አይደለም።»

ያዘችኝ። ሕመሙን ጠብቄ ነጠላዬን ነከስኩ፤ መጣ፣ ግን እንደ ወትሮው አልቆየም፣ አለፈ። ከዚያ ወተቱ ከጀርባዬ ተነሥቶ ሲወርድ ተሰማኝ። ስትውጥ ድምፁ ይሰማል። ውጭ ድምፅ ማጉያው ስለ ስብሰባ ይለፈልፋል። እማማ አንጓች የልጅቷን ፊት ሲያዩ ቆዩና «ያው እሱ ነው» አሉ። «ስመኘውም ሲጠባ ቅንድቡን እንዲህ ያነሣ ነበር።» አለቀሱ። መኪናው የሄደ ዕለት እንኳ አላለቀሱም ነበር።

እርሻውን ለጎረቤት ትተው ሰነበቱ። ጠዋት ጠዋት ጓሮ፣ በጌሾው መካከል አጎዛ ያነጥፉልኛል። ልጅቷ ከጠባች በኋላ ከወተቴ አንድ ሁለት ጠብታ ጫፉ ላይ ያስቀቡኝና «ተይው፣ አትሸፍኝው፣ ንፋስ ይንካው» ይሉኛል። ደረቴን ገልጬ ፀሐይ ላይ እቀመጣለሁ። ደብሬ ሰው እንዳይመጣ በሩን ትጠብቃለች፤ ትጠብቃለች ስል፣ «የሻይ ቤቱ ሙሽራ መጣ!» እያለች እያስበረገገች ነው። ወፍራሙ ቀሚሴ እንዳይፍቀኝ ከራሳቸው ነጠላ ስሱን ቀደው ደረቴ ላይ አኖሩልኝ። ቁስሉ ከዳር እየሰበሰበ ዳነ። ከዕድሜዬ ሁሉ የሚናፍቀኝ ያ ጓሮ ነው። ባሌ የለም፣ ስኳር የለም፣ ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ግን ፀሐይ ትከሻዬን ይነካኛል፣ እሳቸው ጎመን እየቀነጠሱ በአገውኛ ያንጎራጉራሉ፣ ልጄ ጠግባ ታንቀላፋለች። የልጅ ልጄ ዛሬ ሁሉም ነገር አላት፤ ቅባቱ አላት፣ ጡት ማለቢያው አላት፣ በስልክ የምትጠይቀው ሐኪም አላት። እሰይ፣ ይብዛላት። ግን ጓደኞቿ በስልክ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ይዘጉታል፤ ደብሬን የመሰለች የምታሾፍባት የለችም።

በቅርቡ ለለቅሶ ቡሬ ሄጄ በዚያ ሰፈር አለፍኩ። ባሕር ዛፉ ተቆርጧል፣ ሻይ ቤቱ የነበረበት ፎቅ ሆኗል። ጓሮው የቱ ጋ እንደነበር ልለይ ብል አቃተኝ። አንዲት ልጅ «ማንን ፈልገው ነው እማማ?» አለችኝ፣ በትሕትና። ምን ልበላት? «ማንንም» ብያት ታክሲዬ ውስጥ ገባሁ።

እማማ አንጓች ሊመለሱ የተነሡ ዕለት አንቀልባውን አነሡና ቆም አሉ።

«ትርንጎ፣ ልወስዳት ነበር እኮ የመጣሁት።»

«አውቃለሁ እማማ።»

«ወሬውን ስሰማ ተናደድኩ እላለሁ እንጂ፣ ውነቱን ልንገርሽ፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ቤቴ ጭር ብሎብኛል። እሷን ብወስድ እሱን እንደገና የማሳድገው መስሎኝ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልጅ ነሽ። ነገ ብታገቢ አልቀየምሽም። ደጄን ብቻ አትርሺው።»

«ይመጣል እማማ» አልኳቸው።

«ይመጣል» አሉ እሳቸውም። ሁለታችንም መሬት መሬቱን ነበር የምናየው።

አልመጣም። ዘማቾቹ በመኪና የተመለሱ ሰሞን ልጄን አዝዬ መናኸሪያው ላይ ቆሜ የእያንዳንዱን ፊት አየሁ፤ እማማ አንጓችም ከገጠር እየመጡ አጠገቤ ይቆሙ ነበር። መርዶውም አልመጣ፣ እሱም አልመጣ። መርዶ ስላልመጣ ድንኳን አልተከልንም፣ ፀጉራችንንም አልተላጨንም። ከዓመታት በኋላ እዚህ ፍኖተ ሰላም ሰው አገባሁ፣ ደግ ሰው፣ ነፍሱን ይማረው። ሠርጌ ላይ እማማ አንጓች ዶሮ ይዘው መጥተው ከእናት ወገን ተቀመጡ። «ምራቴ» ማለታቸውንም አልተዉም።

የታመሙ ጊዜ ተላከብኝ። ደርግ ሊወድቅ ሲል ይመስለኛል፤ መንገዱ ሁሉ ወታደር ነበር። ልጄ አድጋለች፣ ይዣት ሄድኩ። ቤታቸው በሩ ተከፍቶ የቀን ብርሃን ገብቷል፣ ጎረቤቱ ዙሪያውን ተቀምጧል። ሰው አይለዩም አሉኝ፤ የሚናገሩትም አገውኛ ብቻ ሆኗል። አጠገባቸው ተቀምጬ እጃቸውን ያዝኩ፣ ከንፈራቸውን በውሃ አረጠብኩላቸው። ብዙ ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ። ያዩት ፊቴን አልነበረም፣ ደረቴን ነው። ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ፣

«ስመኘው ጠባ?» አሉኝ።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጠብቷል እማማ» አልኳቸው። «ጠግቦ ተኝቷል።»